ከግሪክ ተነሥቼ ኮንጋ ሳልደርስ

"ዝም አይነቅዝም" ይላሉ አባቶቻችን። እውነታቸውን ነው። ባቄላ ይነቅዛል፣ ሽንብራ ይነቅዛል፣ በደንብ ያልተቀመጠ ቡና እንኳ ይነቅዛል፤ ዝምታውን ነቀዝ በላበት የተባለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም። ይህን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት አትጠይቁኝ። ለራሴ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳላስተምረው ቀረሁና የሆነው ሆነ።

ዲላ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ዘመኑ ደርግ፣ ዘይት ደግሞ የለም። የለም ስላችሁ ሁሉም ዓይነት ነው የጠፋው፤ የወጡም፣ የመኪናውም፣ የፋኖሱ ነጭ ጋዝም። ከቀበሌው ሱቅ ፊት ለፊት ድንጋይ፣ የተቀደደ ጫማና የዛገ ጣሳ ተሰልፎ ይውላል። ባለቤቶቹ ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ወረፋውን የሚይዙላቸው ድንጋዮቹ ናቸው። የእኔ ወረፋ ያዥ ስሜን በኖራ የጻፍኩበት ጡብ ነበር። ባለቤቴ አስቴር "ካንተ ጡቡ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ቆሞ ዝም ይላል" ትለኝ ነበር። ያኔ ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር እንጂ ትንቢት መሆኑን በምን አውቄ።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሐሙስ ሐሙስ የመምህራን የውይይት ክበብ አለ። በየተራ አንዳንዳችን ርእስ ይዘን ቀርበን እንናገራለን፣ ሌሎቻችን ዓይናችንን ገልጠን እንተኛለን። የዚያን ሳምንት ተረኛ የታሪክ መምህሩ ነበር፤ ወባ ጣለውና ቀረ። የክበቡ ሰብሳቢ ጓድ ደምሴ፣ ከአውራጃ የተመደበልን ካድሬ ነው። ቀጭን፣ የጨጓራ በሽተኛ፣ ሲናገር አንድ እጁ ሆዱን፣ ሌላው እጁ ሽጉጡን የሚዳስስ ሰው። አየት አየት አደረገና "ጓድ መምህር፣ አንተ መቼም የምትለው አታጣም" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ የምለው አጥቼ አላውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን "አልተዘጋጀሁም" ይል ነበር። እኔ ግን የቃላትን የትውልድ ሐረግ የሚናገር አንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት አለኝ፣ እሱን እንደ ዳዊት ነው የምደግመው። ተነሣሁ። ሰዉ ሁሉ ሐሳቡ ዘይት ላይ ስለሆነ እኔም ከዘይት ጀመርኩ።

"የጥንት ግሪኮች" አልኩ፣ "ለወይራ ዛፍ ስም አወጡለት። ከዛፉ ስም የጭማቂውን ስም አወጡ። ሮማውያን ቃሉን ተቀበሉ፣ ፈረንሳዮች አሳጠሩት፣ እንግሊዞች ደግሞ ኦይል ብለው አረፉ። መጀመሪያ ኦይል ማለት የወይራ ዘይት ብቻ ነበር። ቀስ እያለ የተልባውም የሰሊጡም ኦይል ተባለ። ከድንጋይ ሥር ጥቁሩ ነገር ሲወጣ 'የድንጋይ ዘይት' ብለው ፔትሮሊየም አሉት። የተልባ ዘይት አጥብቀው ወለል ላይ ያነጠፉት ሊኖሊየም ሆነ። ይኸው ፀጉራችንን የምንቀባው ቫዝሊን እንኳ ጅራቱ ላይ ያቺው የግሪክ ወይራ አለች!"

ሰው ነቃ። የስፖርት መምህሩ ራሱ ነቃ። እኔ ደግሞ ሰው ሲሰማኝ እንደ ጠጅ ነው የሚይዘኝ።

"ኦሊቭ የሚለው ቃል ደግሞ ዛፉን ይዞ ቀረና በኋላ የቀለም ስም ሆነ፤ የወታደር ልብስ ቀለም። ቅርንጫፉ ግን ዕርቅ ማለት ሆነ። ጓዶች፣ ተመልከቱ፣ ከአንድ ዛፍ ዕርቁም ወታደሩም!" ርእሰ መምህሩ ጣራውን ማየት ጀመረ። እኔም ነገሩ እንደ ከረረ ገባኝና ለማለዘብ ወደ አገር ቤት ተመለስኩ። "የእኛስ ዘይት ቢሆን? የወይራ ስም አይደለም ወይ? ደብረ ዘይት የወይራ ተራራ ነው። ዘይቱን ብለን የምንገምጠው ፍሬ ግን ጠብታ ዘይት የለውም፤ ቃል እንዲህ ነው፣ ከቤቱ ከወጣ የት እንደሚያድር አይታወቅም።" እዚህ ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት? አልተቀመጥኩም። ለጌጥ ያህል አንዲት ነገር ጨመርኩ። "ይህ በየጓሯችን የሚበቅለው ወይራም ለዚያ ለግሪኩ ወይራ የአጎት ልጅ ነው" አልኩና በጭብጨባ ተቀመጥኩ።

አሁን ስለ ክበባችን አንድ ሕግ ልንገራችሁ። ማንኛውም ውይይት ያለ ተግባራዊ ውሳኔ አይዘጋም። ጓድ ደምሴ "ውሳኔ የሌለው ውይይት የቢሮክራት ወሬ ነው" ይላል። ስለ ጨረቃ ብትወያዩ ስለ ጨረቃ ትወስናላችሁ። ባለፈው ሳምንት የሳይንስ መምህሩ ስለ ምድር መንቀጥቀጥ ተናግሮ "የምድር መንቀጥቀጥን በንቃት እንመክታለን" ብለን ወስነን ነበር።

ጓድ ደምሴ ተነሣ። ሆዱንም ሽጉጡንም ለቀቀ። "ጓዶች! ሰፊው ሕዝብ ለዘይት ወረፋ ሲንገላታ ዘይቱ ከራሱ በላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል! ከአገር በቀል ወይራ ዘይት እንጨምቃለን! የሚደግፍ?" የግራ እጆች ወጡ። ዘወር ብዬ ስመለከት ከሁሉም ቀድሞ የወጣው የእኔው ነው። ልማድ ነዋ! ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ የግብረ ኃይሉ ሰብሳቢም እኔ ሆንኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ጋሽ ከድር ሱቅ ጎራ አልኩ። ጋሽ ከድር ከደጋ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ አንድ ሱቅና አንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና አላቸው። በዚያ ሰሞን ሱቃቸው ውስጥ የቀረው ክብሪትና ትዕግሥት ነበር። የሆነውን ስነግራቸው መቁጠሪያቸውን ቆም አድርገው አዩኝ።

"ይህ የኛ ወይራ፣ ወፍ የሚለቅመው፣ እሱ ዘይት ይወጣዋል?"

"አይወጣውም ጋሽ ከድር። ፍሬው ቆዳና ድንጋይ ነው።"

"ታዲያ ለምን እጅህን አወጣህ?"

"ሁሉም ሲያወጣ..."

"አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ" አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። "ሂድ በል፣ አላህ ያስረሳቸው።"

አላስረሳቸውም። በሚቀጥለው ሐሙስ ሳል እያስመሰልኩ ተነሣሁና "ጓዶች፣ ያ የወይራ ነገር እንኳ በጥልቀት ሲጠና..." ብዬ ጀመርኩ። ጓድ ደምሴ አላስጨረሰኝም። በሙሉ ድምፅ የጸደቀ በሙሉ ድምፅ ነው የሚሻረው፣ አለ። "እንዲሻር የሚፈልግ እጁን ያውጣ!" እንኳን እጅ ሊወጣ ትንፋሽም አልወጣም። እኔስ? የእኔ እጅ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ፍለጋው ተጀመረ። ዲላና ዙሪያዋን ብንዞር ለአቅመ ፍሬ የደረሰ ወይራ የለም። ከፊሉ ከሰል ሆኗል፣ ከፊሉ የአጥር እንጨት ሆኗል፣ የቀረውን የወተት ዕቃ ማጠኛ እያደረግን ጨርሰነዋል። እኔ በልቤ ተመስገን እያልኩ ነበር። ወይራ ከሌለ ዘመቻ የለ። ታዲያ በሦስተኛው ስብሰባ የስፖርት መምህሩ፣ ያ የነቃው፣ "ከይርጋ ጨፌ ወዲያ፣ ኮንጋ ሶንጎው ላይ አንድ ትልቅ ወይራ አለ፣ ፍሬው መሬት አልብሶ ነው ያየሁት" አለ።

ወንበሩ ከሥሬ የጠፋ መሰለኝ።

ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚጨርሱበት፣ ዛፉ የማይነካ ቦታ ነው። የኮንጋው ሶንጎ ዋና ሽማግሌ ደግሞ ሀይቻ ጅግሶ ይባላሉ፤ ሀይቻ የሽማግሌነት ማዕረጋቸው ነው። የአስቴር አባት፣ የእኔ አማት።

እኔና አስቴር ስንጋባ ሽማግሌ ሳልልክ ነበር። ሞኝነት ነው፤ ከተሜ ነኝ ብዬ ነው። ቤተሰቡ ተቀየመ፣ እናቷ አለቀሱ፣ ወንድሞቿ ዱላ መረጡ። በኋላ ለዕርቅ ኮንጋ ወጣሁና ከዚያ ወይራ ሥር ቁጭ አልኩ። በሶንጎ ሕግ አንድ ሰው ቃል ከጀመረ እስኪጨርስ አይቋረጥም፤ የሚነሣም የሚመልስም የለም። የጀመረው ሳይጨርስም ሌላ ጉዳይ አይከፈትም። ይህን ሕግ ያወቅሁት የአስቴር አጎት ረፋድ ላይ ጀምረው ጥላው እስኪዞር ሲሰድቡኝ ነው። አፌ በላኝ፣ ምላሴ አሳከከኝ፣ ግን ዝም ብዬ ሰማሁ። ሲጨርሱ ሀይቻ ጅግሶ እርጥብ ሣር ነጭተው እጄ ላይ አኖሩና "ልጄ ነህ። ከዚህ ዛፍ ሥር የተባለች ነገር አትመለስም" አሉኝ። እኔ አባቴን በልጅነቴ ነው የቀበርኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ አባት አለኝ ብዬ ነበር የምኖረው።

ለአስቴር ስነግራት የያዘችውን ሰሃን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። "አባቴ ያለዚያ ዛፍ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?" አለች። "ሌላ ሥራ የለውም እኮ። ሰው ማስታረቅ ብቻ ነው ሥራው። ሂድና ንገረው።"

በጋሽ ከድር ኤንትሬ ተሳፍሬ ወጣሁ። ይርጋ ጨፌ ድረስ ጋሽ ከድር ራሳቸው ነዱ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር። መንገዱ ጭቃ፣ ጉሙ ከእንሰቱ ላይ አልነሣም ብሏል፣ ጫማዬ በየእርምጃው ይቀራል። ሀይቻ ጅግሶ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩና ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩ፤ ከግሪክ ጀምሬ ማለቴ ነው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ዘይት አላት፣ ዛፉ?"

"የለውም፣ ሀይቻ።"

"አንተ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ሲመጡ ከዛፉ ሥር ቆመህ 'የላትም' በል። አንተ ናት አለ ያልከው፣ አንተ የለም በል። ከዚያ እኛ እንነሣለን፣ ሽማግሌዎቹ። የምንለውን እኛ እናውቃለን።"

"እሺ" አልኩ። በሕይወቴ ያልኩት አጭሩ ንግግር እሱ ነው።

ዘመቻው ቅዳሜ ሆነ። ተማሪው እስከ ይርጋ ጨፌ በኤንትሬው ተጭኖ፣ ከዚያ በእግሩ መጣ። ጋሽ ከድር መኪናቸውን እምቢ የማለት መብት አልነበራቸውም፤ መሪው ላይ ተደፍተው ነዱ። የሚሊሺያ ጓዶችም መጡ፣ ያንን ኦሊቭ የሚባለውን ቀለም ለብሰው። ከዛፉ ሥር ሽማግሌዎቹ በክብ ተቀምጠዋል፣ ሀይቻ ጅግሶ መሀል ናቸው፣ በትራቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል። ፍሬው ጥቁር ብሎ ቅርንጫፉን ሞልቶታል፣ ወፎቹ ይንጫጫሉ። ግንዱን ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቢያቅፈው አያዳርሰውም።

ጓድ ደምሴ "ጓድ መምህር ለሰፊው ሕዝብ ያስረዳ!" አለ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ወደ ጌዴኦኛ ሊተረጉምልኝ ከጎኔ ቆመ።

ሦስት ቃል ናት፤ "ወይራው ዘይት የለውም"። አፌ ውስጥ አዘጋጅቻታለሁ። መንገዱን ሁሉ እያላመጥኳት ነው የመጣሁት። ቀና ስል ግን የጓድ ደምሴ እጅ ሽጉጡን እየዳሰሰ ነው። ሆዱን ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። እንዲህ በደረቁ ብናገር አሻጥረኛ፣ የሕዝብን ውሳኔ ያፈረሰ እባላለሁ፤ በዚያ ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ ዙሪያውን ልሂድ። ከሥሩ ጀምሬ በሳይንስ ቀስ እያልኩ ኮንጋ ስደርስ፣ ዘይት እንደሌለው እኔ ሳልል እነሱ ራሳቸው ይደርሱበታል።

"የጥንት ግሪኮች" አልኩ።

ጸሐፊው ተረጎመ። ግሪክ ማን እንደሆነ ለማስረዳት ብቻ ከእኔ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ሽማግሌዎቹ ጸጥ ብለው ይሰማሉ። እኔም ስለ ባሕራቸው፣ ስለ ኮረብታቸው፣ ስለ መብራታቸው ቀጠልኩ። ጓድ ደምሴ ሰዓቱን አየ። ጎንበስ ብሎ ለሚሊሺያዎቹ "ጊዜ አይባክን፤ እየሰማችሁ ሥሩ" ሲል ሰማሁት።

ወይራ ለባሹ ሚሊሺያ ወይራው ላይ ወጣ። ፍሬው ሩቅ ነው፣ እጅ አይደርስበትም፤ ስለዚህ መጥረቢያ ይዞ ነው የወጣው። እኔ ገና ሮም ሳልደርስ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ወደቀ።

በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። ወይም መጮህ። እኔ ምን አደረግሁ? ፈጠንኩ። ከመጥረቢያው ቀድሜ ኮንጋ ልድረስ ብዬ ሮምን ዘለልኩ፣ ፈረንሳይን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩ፤ ጸሐፊው ግን ኋላ ቀርቶ ገና ከግሪክ ጋር ይታገላል። "አልደረስኩም" ብሎ በእጁ ይዞኛል፣ እኔ እጎትተዋለሁ፣ ከላይ ይቆረጣል። ሽማግሌዎቹን አየኋቸው። ቅርንጫፍ በወደቀ ቁጥር ትከሻቸው ይነሣል፣ እግራቸው ግን አይነሣም። የሀይቻ ጅግሶ እጅ በትሩን ጨብጧል። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

ያኔ ገባኝ። ቃል ጀምሬያለሁ፣ አልጨረስኩም። እኔ እስካልጨረስኩ ድረስ እነሱ መነሣት አይችሉም። ከዛፉ ጋር አስሬ የያዝኳቸው እኔ ነኝ፣ በግሪኮች ነው ያሰርኳቸው።

"ወይ..." ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ በእግዜር ስም እውነቴን ነው፣ ልናገራት ነበር። ዋናው ቅርንጫፍ ከነወፎቹ ጎጆ ተገንጥሎ ወረደ። ሰው ተበተነ፣ ተማሪው ጮኸ፣ ቅጠሉና ፍሬው ሁሉን ሸፈነው። ጓድ ደምሴ በግርግሩ መሀል ግራ እጁን አውጥቶ መፈክር አሰማ፣ ተማሪዎቹ ዘፈኑ፣ ስብሰባው ተዘጋ። ከቀትር በኋላ ግንዱም "ብቻውን ቆሞ ምን ይሠራል" ተባለና ለማኅበሩ አጥር ተሰነጠቀ።

ፍሬውን በጆንያ ዲላ አመጣነው። ወቀጥነው፣ ቀቀልነው፣ በነጠላ ጨመቅነው። የወጣው አንድ ጠርሙስ የማይሞላ ጥቁር ውኃ ነው፣ ላዩ ላይ ዓይን የሚመስል ነገር ይዋኛል። ጋሽ ከድር አሸተቱና "ይህማ የቅጠል ሻይ ነው" አሉ። ጓድ ደምሴ ግን የስብሰባ አዳራሹ በር ማጠፊያ ላይ አፈሰሰለትና ስኬታማ ነው ብሎ ለአውራጃው ዘገበ። በሩ እስከ ዝውውሬ ቀን ድረስ ሲከፈት ይጮህ ነበር። ሌላው እንዳይሰማ እየተመኘሁ በዚያ በር ስንት ሐሙስ ገባሁ ወጣሁ።

አስቴር አልተቆጣችም። ብትቆጣ በወደድኩ። ከወረፋ መልሼ በረንዳ ላይ ያኖርኩትን ጡቤን ብቻ አንሥታ ከግቢ አወጣችው፤ ቀልዷ እንዳለቀ ገባኝ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ሀይቻ ጅግሶ በእግራቸው ዲላ መጡ። ሳያቸው በየት በኩል እንደምሸሽ ቤቱን ቃኘሁ፣ በሩ ግን አንድ ነው። እጅ ነሥተው ገቡ፣ የቀረበላቸውን በሉ፣ የአስቴርን ራስ ዳሰሱ። ከዚያ በለሆሳስ "ልጄ፣ ያን ቀን ንግግርህን አልጨረስካትም" አሉኝ። "ሽማግሌዎቹ እየጠበቁ ናቸው። እስካሁን ነገር አልከፈትንም። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ባሏ መቷት መጥታ ተመለሰች። ና፣ ጨርስልን።"

በማግስቱ አብሬያቸው ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ አላወሩኝም፣ እኔም አላወራሁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ኮንጋ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ በዚያው ክብ ተቀምጠዋል። መሀላቸው ጉቶ አለ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ አንዱ የጋቢያቸውን ጫፍ ግንባራቸው ላይ ጥለዋል። ቦታውን አልለወጡም። ቃሉ የተጀመረው እዚያ ነዋ።

ቆምኩ። ጸሐፊ የለም፣ ካድሬ የለም፣ ሽጉጥ የለም። ሀይቻ ጅግሶ ራሳቸው ሊተረጉሙልኝ ከጎኔ ቆሙ።

"ወይራው ዘይት የለውም" አልኩ።

ተረጎሙት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቂት ጠበቁ፣ ቀሪው እንዲመጣ። ሀይቻ ጅግሶ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። አለቀ።"

አዩኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

"አጭር ነበረች እኮ" አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ጉቶው መለሱና ወንድማማቾቹን ጠሩ።